ባለጭምብሉን በአረማመዱ የለየችው ፈታሽ

ታየች በጉለሌ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሴት ሠራተኞችን ስትፈትሽ ኖራለች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የጧቱ ፈረቃ ሲለቀቅ ሴቶቹ በቆርቆሮ ወደተሠራችው ጠባብ ክፍል አንድ በአንድ ይገባሉ። እጇን ትሰዳለች፤ እጇ ከመድረሱ በፊት ግን ዓይኗ ሥራውን ጨርሷል። ወገቧ ላይ አቡጄዲ የጠመጠመች ሴት እርምጃዋ ያጥራል። ጡቷ ሥር የክር ጥቅል የሸጎጠች ትከሻዋን ወደፊት ትሰብቃለች። ምንም ያልያዘች ደግሞ ተራዋን ስትጠብቅ ታዛጋለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። ባሏ በምሥራቁ ጦርነት ዘምቶ በዚያው ሲቀርባት ያገኘችው እንጀራ ይኸው ነበርና ዓይኗን ስላ ያዘችው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ማለት ታበዛለች። ሰው ሁሉ የሚተርተው ተረት ነው፤ እሷ ግን እንደ ጸሎት ነበር የምትደግመው።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ክፉኛ የተሳሳተችው አንዴ ነው። አንዲት ሠራተኛ ጨርቅ ጠቅልላ ሆዷ ላይ በማሰር እርጉዝ መስላ ስትወጣ በያዘቻት ሰሞን፣ ከፈትሉ ክፍል ጀዊሪያ የምትባል ሴት ሆዷ ገፍቶ መጣች። ታየች አላመነቻትም። ቀሚሷን አስወለቀቻት። እርግዝናው እውነተኛ ነበር፤ ስድስት ወር የሞላው። ጀዊሪያ ልብሷን ለብሳ ወጣች። ታየች ከዚያ በኋላ ያቺ ሴት በበሩ ባለፈች ቁጥር መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

እሑድ እሑድ የምትሄደው ከዊንጌት ጀርባ ወዳለው የባጫ ቪዲዮ ቤት ነበር። ባጫ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። የሳሎኑን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር ደርድሮ፣ በአንድ ባለቀለም ቴሌቪዥንና በአንድ ዴክ ሰፈሩን ያዝናናል። በሰንበት ከቅዳሴ መልስ የሚያሳየው የፈረንጆቹን ነፃ ትግል ነው። ታየች መጀመሪያ የገባችው ዝናብ ልትጠለል ነበር። አንድ ታጋይ ዳኛው ጀርባውን በሰጠበት ቅጽበት ከቁምጣው ብረት አውጥቶ ተጋጣሚውን ግንባሩን ሲለው ቤቱ በሙሉ ደነገጠ። እሷ ግን ረጋ ብላ፣ "ሲገባ ጀምሮ በግራ ጎኑ ነበር የያዘው" አለች። ባጫ ካሴቱን ወደኋላ መለሰው። እውነትም ሰውዬው ከመጋረጃው ብቅ ካለ ጀምሮ ግራ ክንዱን ከጎኑ አላላቀቀም። ከዚያን ቀን ወዲህ በመጀመሪያው ወንበር ዳር ቦታ ተያዘላት።

ካሴቶቹ የሁለት ተቀናቃኝ ኩባንያዎች ነበሩ። የእንግሊዝኛ ስማቸው ለአፍ ስለማይመች ሰው በምልክታቸው ነበር የሚጠራቸው፤ አንዱ ባለንስሩ፣ ሌላው ባለኮከቡ። አስተላላፊዎቹ በየጨዋታው መሐል እርስ በርስ ይሰዳደባሉ፤ የአንዱ ታጋይ ወደ ሌላው ከሄደ ከሃዲ ይባላል። ተመልካቹም ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የሚወራው ወሬ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ባለቤቶቹ የአንድ አባት የሁለት እናት ልጆች ናቸው የሚል ነበር፤ ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሳቸው ሲ.አይ.ኤ. ነው የሚልም አልጠፋም።

በዚህ ክርክር ሊቅ ተደርጎ የሚታየው አቶ ዓምሃ ነበር። የውሃ ክፍል ጸሐፊ ነው፤ በጃንሆይ ጊዜ በደንብ የተማረ ስለሆነ አስተላላፊዎቹ የሚሉትን እያስቆመ ይተረጉማል። የባለኮከቡ ደጋፊ ነው፤ ከባለኮከቡም ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የሌሊት ወፍ ብለው የሰየሙትን ጥቁር ጭምብል ለባሽ ታጋይ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ በአንዱ እሑድ ባጫ የሁለቱንም ኩባንያ ካሴት አከታትሎ አሳየ። የሌሊት ወፍ አሸንፎ ከመድረኩ ሲወርድ ታየች ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ባጫ፣ እስቲ መልሰው። ሲወርድ ያለውን።"

መለሰው። ባለጭምብሉ በገመዱ መሐል ሾልኮ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ አወረደ፤ ተረከዙን ወደ ውጭ አዞረ፤ ከዚያ መራመድ ከመጀመሩ በፊት የግራ እጁን ጣቶች ውሃ እንደሚያራግፍ ሰው አራገፈ።

"ይኼ ወይፈኑ ነው" አለች።

ወይፈኑ የባለንስሩ ሻምፒዮን ነው፤ ቀደም ባለው ካሴት ላይ ያዩት ጺማሙ ግዙፍ። ቤቱ ሳቀ። ዓምሃ ግን አልሳቀም።

"ታየች፣ ወይፈኑ በዚያው ወር የንስሩን ቀበቶ ይዟል። የካሴቶቹን ቀን አንብቤልሻለሁ። በጠላቱ ቤት ምን ይሠራል?"

"እሱን እርስዎ ይንገሩኝ ጋሼ። የተማሩት እርስዎ ነዎት።"

"ባለቤቶቹ ፍርድ ቤት ተካሰዋል ብለው ተናግረዋል እኮ።"

"ማን ነው የተናገረው? እነሱው። ሌባ መስረቁን ለፈታሽ ይነግራል?"

አሁን ሳቁ ወደ ዓምሃ ዞረ። ዓምሃም በሃምሳ ዓመቱ፣ በብዙ ሰው ፊት፣ እንግሊዝኛ በማታውቅ ሴት መረታቱ ከነከነው። ባርኔጣውን አንስቶ ካሴቱ ሳያልቅ ወጣ። ታየች አወጣጡን አየችው። ቂም ይዟል ስትል በልቧ መዘገበችው።

በሚቀጥለው እሑድ ዓምሃ አልመጣም፤ ለአክስቱ ለቅሶ ፍቼ ሄዷል ተባለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ሰው አጠገቡ ያለውን እንኳ አይሰማም ነበር። ባጫ ዴኩ ሥር ተንበርክኮ ካሴት ሲያጠነጥን ታየች ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

"እኔ ልንገርህ ባጫ፣ ትግሉ የውሸት ነው። ሁለቱም ከአንድ ድስት ነው የሚበሉት። ጠላት ነን የሚሉት እኛን ሞኞቹን ሊያፋጁ ነው።"

ባጫ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ስትመለስ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ በሯ ላይ ቆሞ ጠበቃት። የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወራበት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ጥግ ይዞ የሚያይበት ሰሞን ነው። ታየች ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው።

ጓድ ነገራ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ከደብተር የተገነጠለች ወረቀት ነበረች። ዘርግቶ አነበበ፤ ዓይኑን ቀና ሳያደርግ።

"'ትግሉ የውሸት ነው። ሁለቱም ከአንድ ድስት ነው የሚበሉት። ጠላት ነን የሚሉት እኛን ሞኞቹን ሊያፋጁ ነው።' ብለሻል?"

 ቃሉ የራሷ ነው፤ አንድም አልጎደለም። ግን ከነገራ አፍ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆኗል። ትግል ማለት በዚያ ዘመን በየግድግዳው የተጻፈ ቃል ነው። በሰሜን የሰው ልጅ እንደ ቅጠል እየረገፈ፣ ትግሉ የውሸት ነው፣ ሁለቱም ወገኖች አንድ ናቸው ያለ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቃለች።

"ጓድ ነገራ፣ ስለ ሬስሊንግ ነው እኮ። ስለ ፈረንጆቹ።"

"እሱን ቆይተን እናየዋለን። ወንድሞቻችን ግንባር ላይ እየወደቁ ነው ጓዲት ታየች። ይህን አባባል ማን አስተማረሽ? አንቺ ከራስሽ ያመጣሽው አይመስለኝም።"

ያን ጊዜ የዓምሃ አወጣጥ ዓይኗ ላይ መጣባት። ባርኔጣውን አንስቶ፣ ትከሻውን አጥብቦ። ሌላ ማን ሊጠቁማት ይችላል? በሕዝብ ፊት ያሳፈረችው እሱን ነው። ፍርሃቱና ንዴቱ ተደባልቆ ከአፏ አመለጠ።

"እንግሊዝኛውን የሚተረጉምልን አቶ ዓምሃ ነው። የማውቀውን ያወቅኩት ከእሱ ነው።"

ነገራ ስሙን ጻፈ። እሷን በማግስቱ ተመለሺ ብሎ ለቀቃት፤ በማግስቱ ስትሄድ ግን ማንም አልፈለጋትም። ዓምሃን ጧት ከቢሮው ወስደውት ነበር።

ሁለት ቀን ልቧን ስታጽናና ሰነበተች። የዘራውን አጨደ አለች። ዓርብ ዕለት ከፋብሪካው ስትወጣ የዓምሃን ሚስት የሺሀረግን መንገድ ላይ አገኘቻት። ስንቅ ቋጥራ ወደ ቀበሌው እየወረደች ነው። ታየች ልትሸሻት ብትል የሺሀረግ ቀድማ አይታት እጇን ያዘችው።

"ታየችዬ፣ አንቺንም ጠርተውሽ ነበር አሉኝ። እግዚአብሔር አወጣሽ።"

 አብረው መሄድ ጀመሩ።

"የሚሉት ነገር አይገባኝም" አለች የሺሀረግ። "'ሰኔ አራት እሑድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ምን ተባለ' ነው የሚሉት። ሰኔ አራት ፍቼ ነበርን፤ የተመለስነው ሰኞ ማታ ነው። ምስክር ቢሉኝ መላው የፍቼ ለቀስተኛ አለልኝ። አንቺ ሰው ታውቂያለሽ፣ ማን ይመስልሻል እንዲህ የጻፈብን?"

ታየች ቆመች። ሰኔ አራት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ። ከአንድ ድስት ነው የሚበሉት ያለችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ዓምሃን የተከራከረችው በሌላ ቃል ነበር፤ ስለ ድስት አላነሳችም። የዚያን ዕለት ንግግሯን የሰማ ጆሮ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ነገራ ወረቀቱን ሲያነብላት ቀኑን አልነገራትም፤ እሷም ከድንጋጤዋ የተነሳ ቃሉን መቼ እንደተናገረችው አላሰላችም።

"አንድ ጉዳይ ረስቼ ነው" ብላ ከየሺሀረግ ተለየች፤ ሽቅብ ወደ ዊንጌት ወጣች።

ባጫ ወንበሮቹን እየጠረገ ነበር። ገና ፊቷን እንዳየ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

"እትዬ ታየች..."

"አንተ ነህ።"

አልካደም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ሰኞ ሰኞ ወረቀት አስገባለሁ። ቤቱን እንድከፍት ሲፈቅዱልኝ ውሉ ይኸው ነበር። ባዶ ወረቀት ካስገባሁ ምን ደበቅህ ይሉኛል። ያን እሑድ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ አባት ልጁን ለውትድርና አፍሰው ስለወሰዱበት መንግሥትን ሲራገም ነበር። እሱን ብጽፍ አይተርፍም። የእርስዎን የመረጥኩት ቀላል መስሎኝ ነው፤ ስለ ሬስሊንግ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው ብዬ።"

"ታዲያ ስለ ሬስሊንግ መሆኑን ጻፍከው?"

ባጫ ዓይኑን ወደ ዴኩ አዞረ።

ታየች ለረጅም ጊዜ አየችው። ትከሻውን፣ እጁን፣ ጉልበቱን። እውነቱን ይሁን ውሸቱን መለየት አቃታት። አራት ዓመት ካሴት ሲያጠነጥን አጠገቡ ተቀምጣ አንድም ቀን ፈትሻው አታውቅም። የገረማት ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ጧት በራሷ እግር ነገራ ዘንድ ሄደች።

"አቶ ዓምሃ ምንም አላስተማረኝም። በዓይኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።"

"ታዲያ ስሙን ለምን ጠራሽ?"

"እሱ የጠቆመኝ መስሎኝ። ፈርቼም ነበር።"

ነገራ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ አሰበ።

"በዓይንሽ ያየሽውን ለእኔም አሳዪኝ።"

ከሰዓት በኋላ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር የባጫ ቤት መጣ። መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በመጀመሪያው ወንበር ተደረደሩ። ባጫ ሁለቱን ካሴቶች ተራ በተራ ከተተ። ታየች ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ በጣቷ አሳየች፤ የቀኝ እግሩን አወራረድ፣ የተረከዙን አዟዟር፣ የጣቶቹን መራገፍ። ከዚያ ጺማሙን፣ ያንኑ እግር፣ ያንኑ ጣት። ነገራ መጀመሪያ እጁን አጣጥፎ ነበር የተቀመጠው። በሦስተኛው ጊዜ ወደፊት አዘነበለ። በአራተኛው "ቁም፣ እዚያ ላይ አቁመው" ብሎ ራሱ ተነሥቶ መስታወቱን ነካ።

"ራሱ ነው" አለ። "በአንድ ወር ይህን ጭምብል ያጠልቃል፣ በዚያው ወር ያንን ቀበቶ ይታጠቃል። ከሁለቱም ይበላል።"

"ይኸው ነው ያልኩት፣ ጓድ ነገራ።"

ነገራ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ አሁን ግን የሚያየው ቴሌቪዥኑን አልነበረም፤ እሷን ነው። ጠባቂዎቹን ደጅ ላካቸው።

"አሥራ አንድ ዓመት ፈታሽ ነሽ አይደል?"

"አዎ።"

"ከሰሜን ሰርገው የሚገቡ አሉ። ስም ይለውጣሉ፣ ልብስ ይለውጣሉ፣ ጺም ያሳድጋሉ። አረማመድ ግን አይለወጥም፤ አሁን አንቺ አስተማርሽኝ። ሰው እናሳይሻለን፤ አንዳንዱን በፎቶ፣ አንዳንዱን በእስር ቤት አጥር ውስጥ ሲራመድ። ከዚያ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ትቀመጫለሽ። በቃ፣ መቀመጥ ብቻ ነው። ባጫ የሚያመጣልን ወሬ ነው። አንቺ ሰው ትሰጪናለሽ።"

ባጫ አንገቱን ሰበረ። ታየች ጀዊሪያን አሰበች፤ ቀሚሷን በእጇ ይዛ በቆርቆሮዋ ክፍል ቆማ። እዚያ ስትሳሳት የቀረው እፍረት ነበር። ፌርማታው ላይ ብትሳሳትስ? ባትሳሳትስ? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ አስፈራት።

"ባጫ፣ እስቲ አንዴ መልሰው" አለች።

መለሰው። ዓይኗን አጥብባ ወደ መስታወቱ ተጠጋች፤ ራቅ አለች፤ እንደገና ተጠጋች።

"አይ። ተሳስቻለሁ።"

"ምን?"

"ይኼኛው ጀርባው ሰፊ ነው። እግሩን አወራረዱም ለየት ይላል። ሁለት ሰዎች ናቸው። ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ፤ የፋብሪካው ብናኝ አልተወኝም።"

"አሁን አንድ ናቸው ብለሽ አሳይተሽኛል እኮ። እኔም አይቻለሁ።"

"እርስዎም እኔ ስላልኩ ነው ያዩት፣ ጓድ ነገራ።"

ነገራ አፈጠጠባት። ታየች አሥራ አንድ ዓመት በሴቶቹ ላይ ያየችውን ሁሉ ከራሷ ላይ አራቀች፤ ትከሻዋን አላላች፤ እጆቿን ለቀቀች፤ እንደምንም ብላ አዛጋች።  በመጨረሻ ነገራ ቆቡን አደረገ።

"ለዚህ ዕብደት ነው የሦስት ቀን ሥራ የፈታነው?" አለና ወጣ።

ዓምሃ እሑድ ጧት በማስጠንቀቂያ ተለቀቀ። ታየች ወሬውን እንደሰማች ቤቱ ሄደች። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እግሩን በጨው ውሃ ዘፍዝፎ ነበር፤ ሲሚንቶው ላይ አራት ሌሊት ስላሳደሩት አብጧል። የሺሀረግ ማንቆርቆሪያ ይዛ አጠገቡ ቆማለች። ታየች እንድትቀመጥ ብትጠየቅም አልተቀመጠችም። ስሙን የሰጠችው እሷ መሆኗን፣ ለምን እንደሰጠችም፣ ሳታሳጥር ተናገረች። የሺሀረግ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩንም ዘጋችው።

"የሰጠሽውን ቃል አንብበውልኛል" አለ ዓምሃ። "በመጀመሪያው ቀን ነው ያነበቡልኝ። ለእሷ አልነገርኳትም ነበር።"

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።"

ዓምሃ እግሩን ከውሃው አውጥቶ አየው፤ መልሶ ነከረው።

"ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ተሳስቻለሁ አልሽ አሉ።"

"ብያለሁ።"

"እውነት ተሳስተሻል?"

ታየች ወደ አጥሩ፣ ከዚያም ወደ ተዘጋው በር ተመለከተች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አልተሳሳትኩም።"

ዓምሃ ዓይኑን ጨፈነ። "እኔም ባለፈው ስወጣ ያናደደኝ እሱ ነበር" አለ። "የጣቱን ነገር ካሳየሽን በኋላ እኔም አይቼዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ዓምሃ ባጫ ቤት ደርሶ አያውቅም። መንገድ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን ያነሳላታል፤ ቆሞ ግን አያወራም። የሺሀረግ ሰላም ያለቻት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ለቅሶ ቤት። ባጫ ወረቀት ማስገባቱን ይቀጥል ይተው ታየች አልጠየቀችውም፤ ቢነግራትም አታምነውም ነበር።

ትግል ማየቱን ግን መተው አልቻለችም። ጥቂት ወራት ከቆየች በኋላ ተመለሰች፤ ከመጀመሪያው ወንበር ይልቅ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ መቀመጥ መረጠች። ሰዉ እንደወትሮው ንስርና ኮከብ እያለ ይካሰሳል፤ አንዳንዴ አዲስ ባለጭምብል ሲወጣ ወደ እሷ ዞረው፣ "እትዬ ታየች፣ ይኼ ደግሞ ማን ነው?" ይሏታል።

"እኔ ምን አውቃለሁ" ትላለች፤ ዓይኗን ከእግሩ ሳትነቅል።